ላልቶ የጠበቀ ቃል

ቁም ዜማ ብቻውን ይጀምራል። ከበሮው በጥግ ተቀምጦ፣ ጸናጽሉ ከእጅ ሳይገባ፣ መቋሚያው ሳይነሣ፣ የሰው ድምፅ ያለ አጃቢ ይቆማል። ዝማሜውና መረግዱ ቀጥለው ይመጣሉ፤ ከበሮና ጭብጨባ የሚፋጠኑበት ጽፋት ከሁሉ ኋላ ነው። መሪጌታ ገብረሰንበት፣ ከቡሬ ከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ በሚገኘው በጥድ አምባ ሚካኤል፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት ቅኔና ዜማ ሲያስተምሩ «ቁሙን ያላጠና ሰው ጽፋቱ ጫጫታ ነው» ማለት ልማዳቸው ነበር። ልጃቸው እህተ ማርያም ይህን ቃል ከሕፃንነቷ ጀምራ ስትሰማው አድጋለች። ምሥጢሩ የተገለጠላት ግን በሃያ ሰባት ዓመቷ፣ ከቤተ ክርስቲያን አጸድ ውጭ፣ አንድ ዘፈን ሁለት ጊዜ ተዘፍኖ በሰማች ጊዜ ነው።

የፊተኛው ዘፈን ያገኛት ዓርብ ከሰዓት በኋላ በፍኖተ ሰላም ዋና መንገድ ላይ ነው። ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ወጥታ በባጃጅ ወደ መናኸሪያ ትጓዝ ነበር። ሽበት የጀመረው ሾፌር ከፊቱ የሚንቀራፈፈውን የፈረስ ጋሪ አልፎ ማጫወቻውን ከፍ አደረገው።

«መምህርት፣ ይችን ዘፈን ያውቋታል? የቡሬው ልጅ ናት፤ የባምላኩ! አገራችንን እኮ አስጠራት።»

ኪቦርዱ ጮኸ፣ ሳክስፎኑ ተከተለው፣ የማሽኑ ከበሮ ባጃጁን ከነተሳፋሪዋ አናወጠው። ከዚያ ሁሉ መካከል ያ የምታውቀው ድምፅ ወጣ፤

«ሌላ አለች እናቴ፣ ሌላ አለች እናቴ፣
እምቢ ብሎ ቀረ፣ አልመጣም አንጀቴ።»

ሌላ ሴት አለችው። ይህንኑ ለእናቱ እየነገረ ይዘፍናል። አንጀቱም ወደ ጎጃም አልመጣም ብሎ በሰው አገር ቀርቷል። እህተ ማርያም እንዲህ ሰማችው፤ አገሩም ሁሉ እንዲህ ሰምቶ ይጨፍርበታል።

«እዚሁ ያውርዱኝ» አለች።

«ኧረ መናኸሪያው ገና ነው!»

«አውቃለሁ። በእግሬ እጨርሰዋለሁ።»

ባምላኩ የአባቷ ተማሪ ነበር። ሟች አባቱ በማሲንቆው የታወቀ አዝማሪ፣ እናቱ ወይዘሮ ሸጋዬም በሰርግ ቤት አቀንቃኝ ነበሩ። የአዝማሪ ልጅ ቅኔ ሊማር መምጣቱ ሹክሹክታ ቢያስነሣም፣ መሪጌታ «ቅኔ አባት አይጠይቅም» ብለው ተቀበሉት፤ በአምስት ዓመትም ከጓዶቹ ሁሉ የላቀ ቅኔ ተቀኘ። ፊደላችን የሚላላውን ቃል ከሚጠብቀው ቃል በጽሕፈት አይለይምና፣ መሪጌታ ተማሪዎቻቸው እንዳይስቱ በሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ አንዲት ነጥብ እንዲያኖሩ በቤታቸው ሥርዓት አድርገው ነበር። እህተ ማርያም ማስተማር በጀመረችበት ዓመት ባምላኩ ለክፍሏ የቃላት ካርዶች ጻፈላት። ከካርዶቹ አንዱ «ገና» የሚል ነበር፤ ነጥብ ግን የለውም።

«በዓሉ ነው ወይስ ጊዜው?» ብላ ጠየቀችው።

ብዕሩን ዘረጋላት። «ነጥቡን አንች አኑሪው። ካኖርሽው በዓል ነው። ከተውሽው ግን… ገና ነው።»

ቀና ብላ አየችው። እርሱም ዓይኑን አልሰበረም። ብዕሩን ተቀብላ፣ ጥቂት አዘግይታ፣ ምንም ሳታኖር መለሰችለት። «ገና ነው» አለችው እየሳቀች።

ካርዱ ዛሬም በመጽሐፍ ቅዱሷ ገጾች መካከል አለ። እርሱ ግን ከጥቂት ወራት በኋላ ሳይሰናበታት፣ ለአባቷም ሽማግሌ ሳይልክ ሄደ። ሦስት ዓመት ጠበቀችው። ዘንድሮ ዘፈኑ መጣ፤ ዘፈኑ በመጣ በሁለተኛው ወር ደግሞ የአዴቱ የእርሻ ባለሙያ የደጀኔ ሽማግሎች ደጃቸውን ረገጡ። አባቷ ሐሳቧን ሲጠይቋት «እንደ ወደዱ» ብላ ነበር የመለሰችው። ሽማግሎቹ ቁርጡን ለመስማት የሚመጡት በዚህ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነው።

በመንገዱ ዳር ስትሄድ ያ ዘፈን ከአንዱ ባጃጅ ወደ ሌላው እየተላለፈ ተከተላት። ከዘፈን መሸሽ ይቻላል፤ በደረት ውስጥ ከተቀመጠች ከአንዲት ቃል ግን ወዴት ይሸሻል?

፠

ቡሬ ስትደርስ እንደ ልማዷ ወደ ሃያት ሱቅ ጎራ አለች። ሃያት ከአባቷ የጨርቅ መደብር ጎን የስልክ መሸፈኛና ባትሪ መሙያ ትሸጣለች፤ ኢንተርኔት ከጠፋ ወራት ስላለፉም ዘፈን የምትጭነው በሹፌሮች እጅ ከባሕር ዳር በሚመጣላት ሚሞሪ ነው። ሁለቱ ሴቶች ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በአንድ ወንበር የተማሩ ናቸው።

«አንች ልጅ፣ ምነው ፊትሽ የሐምሌ ሰማይ መሰለ?»

«ባጃጁ ውስጥ ያች ዘፈን…»

«የአልበሙ ስድስተኛዋ? ተያት እሷን! ትናንት አንዷ መጥታ ‹ከስልኬ አጥፊልኝ፣ አስለቀሰችኝ› አለችኝ። አጠፋሁላት። ዛሬ ማለዳ ሱቁን ሳልከፍት ቆማ አገኘኋት፤ ‹መልሰሽ ጫኚልኝ›! ወላሂ በዚህ አያያዝ ሀብታም መሆኔ ነው።»

እህተ ማርያም ሳትፈልግ ሳቀች። ሃያትም ሳቋን እንዳየች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ከመሳቢያው አንዲት ሚሞሪ አወጣች።

«አዲስ ነገር መጥቷል። ያንኑ አልበም፣ አሥራ ሁለቱንም ዘፈን፣ እንደ ገና ዘፍኖታል። ‹ያለ ከበሮ› ይለዋል። ነይ፣ ወደ ውስጥ ግቢ።»

አንዱን ማዳመጫ ለራሷ፣ አንዱን ለእህተ ማርያም ሰጥታ በየተራ ታሰማት ጀመር፤ መጀመሪያ የፊተኛውን፣ ቀጥሎ ያንኑ ዘፈን ከኋለኛው። የፊተኛው የሰርግ ዳስ ነበር፤ በሩ ክፍት፣ እንግዳው ብዙ፣ ሙሽራው ግን ከግርግሩ ብዛት የማይታይ። በኋለኛው ዳሱ ፈርሶ፣ እንግዳው ተበትኖ፣ አንድ ሰው በሣር ላይ ተቀምጦ ቀርቷል። ማሲንቆና ድምፅ ብቻ ነው። አልፎ አልፎም የአንዲት አሮጊት የለሰለሰ ጭብጨባ ይሰማል። በፊተኛው አሥራ ሁለቱ ዘፈኖች በአንድ እርምጃ ይሄዱ ነበር፤ እዚህ ግን አንዱ ያዘግማል፣ አንዱ ይቆማል፣ አንዱ ወደ ኋላ ዞሮ ይመለከታል።

«እኔ የፊተኛውን ስሰማ ትከሻዬ ይነሣል» አለች ሃያት። «ይኸኛውን ስሰማ እጄ ሥራ ይፈታል። የትኛው እንደሚሻል ግን ጠይቀሽ አታድክሚኝ። ለገበያ ቀን ያ ይሻላል፤ ለሰው ይኸኛው።»

እህተ ማርያም ትንፋሹን ታዳምጥ ነበር። በፊተኛው አልበም ባምላኩ የማይተነፍስ ሰው ነበር፤ ትንፋሹን ቆርጠው አውጥተውታል። በዚህኛው ይተነፍሳል። አባቷ ተማሪዎቻቸውን «ምሥጢሩ ሳይፈጸም አትተንፍሱ» ብለው እንዳስተማሩት፣ ልክ በዚያ ስፍራ ይተነፍሳል። ሦስት ዓመት ሙሉ የረሳው መስሏት የነበረውን ቤት በየዘፈኑ መካከል ሲተነፍሰው ሰማችው።

አምስተኛው ዘፈን አለቀ። ማዳመጫውን ከጆሮዋ ነቀለች።

«ስድስተኛዋን ሳትሰሚ?» አለች ሃያት።

«ይቅርብኝ ሃያቴ። በከበሮ መካከል እንዲህ የወጋችኝ፣ ራቁቷን ስትመጣ ምን ልታደርገኝ ነው?»

ሃያት አልጨቀጨቀቻትም። ሚሞሪውን በእህተ ማርያም ስልክ ውስጥ አስገብታ፣ ከፊተኛው አልበም ላይም ያችን ስድስተኛዋን ጨምራ፣ አንድ የታሸገ ፖስታ አቀበለቻት። «ከሚሞሪው ጋር የመጣ ነው። ሁለቱም ለአባትሽ ነው የተላኩት።»

በፖስታው ላይ በዚያ በምታውቀው የቁም ጽሕፈት «ለመምህሬ ለመሪጌታ ገብረሰንበት ይድረስ» ተብሎ ተጽፏል። ገለበጠችው። በጀርባው ምንም የለም። የእርሷን ስም ፈልጋ እንደ ነበር ያወቀችው ባላገኘችው ጊዜ ነው፤ በዚህም ከሁሉ አብልጣ አፈረች።

፠

መሪጌታ ገብረሰንበት ዓይናቸውን ሞራ ከሸፈነው ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። እናቷ ወይዘሮ እንቁ ካረፉ ወዲህ የሚመጣላቸውን ጽሕፈት ሁሉ የምታነብላቸው እህተ ማርያም ናት። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ተማሪዎቹ ለቃል ትምህርት በየዛፉ ሥር ሲበተኑ፣ እርሳቸው በወይራው ጥላ በበርጩማቸው ተቀምጠው ነበር። ፖስታው ከማን እንደ መጣ ስትነግራቸው በትራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩት።

«አንብቢው» አሉ።

አነበበች። ድምፅዋ እንዳይንቀጠቀጥ እንደ ክፍል መምህር ቃል በቃል አነበበች፤

«የኔታ፣ እንደምን ሰነበቱ። ከእግርዎ ሥር ተነሥቼ ከሄድሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ። የምጽፈው ዳኝነት ለመለመን ነው። ባወጣሁት ዘፈን ላይ ሕጸጽ ተገኝቶበታል። አቀናባሪው መልካም ሰው ነው፤ ነገር ግን ከበሮው ከቃሉ ቀድሞ ተሠርቶ ነበርና፣ ቃሌን በምቱ ልክ እየቆረጥሁ ዘፈንሁ። ላልታ መነበብ የሚገባት አንዲት ፊደል ከምቱ ሥር ወድቃ ጠበቀች። እኔ አላስተዋልሁም። ያስተዋልሁት በባሕር ዳር ታክሲ ውስጥ አንዲት ሴት ‹ይህ ከሃዲ፣ ሌላ ይዞ ደግሞ ይዘፍንባታል!› ብላ ስትረግመኝ ነው። የተበተነ ጤፍ አይለቀምም፤ ዘፈኑም ከእጄ ወጥቶ ነበር። ስለዚህ አሥራ ሁለቱንም በአባቴ ማሲንቆና በእናቴ እጅ ብቻ ደግሜ ዘፈንኋቸው። ሰው ለጥበብ ያደረግሁት ይመስለዋል። ያደረግሁት ለአንዲት ፊደል ነው። አንዲቱን ብቻ ባርም ሰው ምክንያቱን ይጠይቃል ብዬ ፈርቼ በአሥራ አንዱ ሸፈንኋት። የኔታ፣ ፊደላችን የማይለየውን የሚለይ ጆሮ ነው፤ ከጆሮዎ የሚበልጥም አላውቅም። ቤቱ እንዲህ ይላል፤»

እህተ ማርያም ያችን የፈራቻትን አነበበች። «ሌላ አለች እናቴ፣ ሌላ አለች…»

«ቁሚ» አሉ መሪጌታ።

«አቤት አባባ?»

«እንዴት አድርገሽ አነበብሽው?»

«እንደ ተጻፈው።»

«የተጻፈውስ ሁለት ነው። አንች ያነበብሽው አንዱን ነው። አጥብቀሽ አነበብሽው።»

«ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚለው፣ አባባ። ከአዴት እስከ ሊበን።»

«ከአዴት እስከ ሊበን ያለው ሰው ሁሉ የእኔ ተማሪ አይደለም» አሉ ቆጣ ብለው። «የልጁን ቃል ልጁ እንዳለው አንብቢ። በ‹ለ› ላይ ነጥብ አለ?»

ወረቀቱን አቀረበችው። አየች። በደብዳቤው ውስጥ ባምላኩ የቤቱን ሥርዓት ሳያጓድል፣ በሚጠብቀው ፊደል ሁሉ ራስ ላይ ነጥቡን አኑሯል። በዚያች በ‹ለ› ራስ ላይ ግን ምንም የለም።

«የለም» አለች፤ ድምፅዋ ከሹክሹክታ አላለፈም።

«ስለዚህ ላልታ ትነበብ።»

አላላቻት። ያን ጊዜ ቃሉ በእጇ ላይ ተገለበጠ። ጠብቆ ሲነበብ «ሌላ ሴት አለች፣ እናቴ ሆይ» የነበረው፣ ሲላላ «‹ሌላ ፈልግ› ብላ እናቴ ተናገረች» ሆነ። እናቱ ሌላ ሚስት እንዲፈልግ ነገረችው፤ እምቢ ብሎ የቀረውም አንጀቱ ነው። ወደዚያች ወደ ሌላይቱ አልመጣም ብሎ የቀረው አንጀቱ!

ወረቀቱ በጉልበቷ ላይ ወደቀ። የወይራው ቅጠል ጥላ በፊደሎቹ ላይ ወዲያና ወዲህ ይል ነበር፤ እርሷም የምታየው ጥላው ይሁን እንባዋ አልለየችም።

«በንባብ ብቻ አልፈርድም» አሉ መሪጌታ። «ያን ስልክ አምጭው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ዘፈን ልሰማ አይደለም፣ ንባብ ልመረምር ነው። በመጀመሪያ የታሰረውን፣ ቀጥሎ የተፈታውን አሰሚኝ።»

የፊተኛውን ከፈተችው። ተማሪዎቹ ከየዛፉ ሥር አንገታቸውን አስግገው ሲደነቁ መሪጌታ ፊታቸውን እንደ ሰበሰቡ እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ከበሮውን ሰማሁ» አሉ ሲያበቃ። «ልጁስ የት ነበር?»

ከዚያ የኋለኛውን ከፈተችው። የማሲንቆው ጭራ ሲነካ ሸካራ ድምፅ ወጣ። ባምላኩ ተነፈሰ። ቃሉ መጣ፤ ምንም ሳይጫነው፣ ማንም ሳያጣድፈው፣ «ሌላ…» ብሎ ቆመ፤ እንደ ተነገረው ሰው፣ ቃሉ እንዳመመው ሰው። ከዚያም እጅግ ቀስ ብሎ፣ እጅግ አላልቶ፣ «…አለች እናቴ» አለ። በዚያው ስፍራ የአሮጊቷ ጭብጨባ ለአንድ ምት ያህል ተቋረጠና እንደ ገና ቀጠለ።

ዘፈኑ ሲያበቃ መሪጌታ «ይህ ልጅ ሥርዓቱን ገለበጠው» አሉ። «እኛ ከቁም ጀምረን ወደ ጽፋት እንወጣለን። እርሱ ከጽፋት ጀምሮ ወደ ቁም ወረደ። ወረደ ልበል እንጂ… ወጣ ብል ይሻላል።» ከዚያ በትራቸውን መሬት ላይ አጋደሙ። «የምታጨበጭበው ሸጋዬ ናት። እጇ የደነገጠበትን ስፍራ ሰማሽ?»

«ሰማሁ አባባ።»

«እህተ። ያች ‹ሌላ› የሸጋዬ ቃል አይደለችም። የእኔ ናት።»

ቀና አለች።

«ልጁ ሊሄድ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሸጋዬ እዚህ መጣች። ለአዝማሪ ልጅ ሽማግሌ የሚሆን ሰው ቢያጡ፣ እናቱ ራሷ መጣች። ነጠላዋን አደግድጋ ከዚያ ከአጥሩ በር ቆማ ‹ልጄ ልጅዎን ይወዳል› አለችኝ። ‹ቅኔ ቤቴ ይግባ፤ ቤቴ ግን አይገባም። ለልጅሽ ሌላ ፈልጊለት› አልኋት። እጅ ነሥታ ሄደች። ለልጇ ያደረሰችለት እኔ የሰጠኋትን ነው።»

«ጠይቆኝ ነበር?» አለች እህተ ማርያም። «አባባ፣ አስጠይቆኝ ነበር?»

«አስጠይቆሽ ነበር።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ሳይጠይቀኝ ሄደ ብዬ… ምን አጎደልሁበት እያልሁ…» ልትጨርሰው አልቻለችም። «ለምን አልነገሩኝም?»

አባቷ ማየት በተሳነው ዓይናቸው ወደ ድምፅዋ ዞሩ። «‹ቅኔ አባት አይጠይቅም› ብዬ አስተምር ነበር። ልጄ ላይ ሲደርስ ጠየቅሁ። ይህን ለአንች መንገር ማለት ለራሴ መንገር ነበር፤ ፈራሁት።» እጃቸውን ዘርግተው ፊቷን ፈለጉ። ጣታቸው እርጥብ ጉንጯን ነካ። «‹እንደ ወደዱ› ያልሽኝ ጊዜ ድምፅሽን ሰምቼ ነበር፣ ልጄ። የሰው ንባብ አርማለሁ፤ የአንችን ግን ሰምቼ አለፍሁ።»

ልትቆጣቸው ፈልጋ ነበር። ነገር ግን ያ እጅ ፊደል ያስቆጠራት እጅ ነበረና፣ ይዛ በጉንጯ ላይ አስቀረችው። ከደብዳቤው የቀረውን አንድ መስመር ያነበበችላቸው በዚያው አኳኋን ነው፤ «ንባብ ስቼ ከሆነ ይፍረዱብኝ። ካልሳትሁ ግን እስከ ሰኞ ቡሬ እናቴ ቤት ነኝ።»

፠

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሎቹ መጡ። ዋና ተናጋሪው አቶ ንብረት፣ ከዘራቸው እንደ ቃላቸው የጸና፣ በወግ አዋቂነታቸው የተከበሩ ሰው ናቸው። መሪጌታ እንደ ወጉ ከመቀመጥ ይልቅ ቆመው ጠበቋቸው።

«ምነው መሪጌታ፣ እኛ ተቀምጠን እርስዎ?»

«ጥፋተኛ ተቀምጦ አይናገርም» አሉ መሪጌታ። «አቶ ንብረት፣ ንባብ ስቻለሁ። ልጄ ‹እንደ ወደዱ› ስትለኝ ፈቃድ ነው ብዬ ተረጎምሁት። ኀዘን ኖሯል። ልቧ ከእናንተ በፊት ተጠይቆ ነበር፤ የመለስሁት እኔ ነኝ፤ ያለ ፍርድ።»

ከሽማግሎቹ አንዱ አጉረመረሙ። «የመሪጌታ ቃል ይታጠፋል እንዴ?»

«አይታጠፍም። የተሳሳተ ግን ይታረማል። ካልታረመ ምን አስተማርሁ?» ብለው ጉልበታቸውን ሊያጥፉ ጎንበስ ሲሉ፣ አቶ ንብረት ፈጥነው በክንዳቸው ደገፏቸው።

«ተው! ተው መሪጌታ፣ ይህንስ አያሳዩን!» ቀና አደረጓቸው። «ደጀኔ ጨዋ ልጅ ነው። ልቧ ሌላ ዘንድ ያለችን ሴት አግባ ብንለው እኛን ነው የሚረግመን። የዕድሜ ልክ ጸጸት ከምንገዛለት የአንድ እሑድ እፍረት ይሻለዋል። እግዜር ይማርዎ እንጂ ከእኛ በኩል ምረናል።»

ሲወጡ ግን በአጥሩ በር ላይ ዘወር አሉ። «ለመሆኑ ማን ነው ሰውየው?»

«የሸጋዬ ልጅ ነው፤ የአዝማሪው።»

«ይኸ ባጃጁን ሁሉ የሚያስጮኸው?» አቶ ንብረት ከዘራቸውን አሻሹ። «እንግዲህስ ያግባትና ጆሮዬ ይረፍ!»

የሽማግሎቹ ሳቅ ከአጥሩ ማዶ እስኪርቅ ድረስ መሪጌታ ቆመው ነበር። ከዚያ በርጩማቸውን በእጃቸው ዳብሰው ተቀመጡና፣ ብዙ ጊዜ የተሸከመውን እንዳወረደ ሰው ተነፈሱ።

«ወረቀት አምጭ» አሉ። «መልስ ልስጠው። ጻፊ፤ ‹እህተ ማርያም አለች።›»

ጻፈች። ቀጥሎ የሚሉትን ጠበቀች። ምንም አልቀጠሉም።

«ይኸው ብቻ ነው አባባ?»

«ይኸው ብቻ ነው።»

«ላልቶ ነው ጠብቆ? ነጥቡን ላኑርበት?»

ከስንት ወር በኋላ ፈገግ ሲሉ አየቻቸው። «አታኑሪበት። ተማሪዬ ከሆነ ይጠይቅ።»

፠

ሰኞ ፈረቃዋ ከሰዓት በኋላ ነበርና በማለዳ ቡሬ ደረሰች። ሃያት መልእክት ልካበት ኖሮ፣ ባምላኩ በሱቁ ውስጥ ቆሞ አገኘችው። ከስቷል። በጸጉሩ ዳር ቀድሞ ያልነበረ ሽበት ገብቷል። ከደረቱ እስከ ትከሻው በዘፋኞች ወግ ያጌጠ ሰው ታያለሁ ብላ ስትፈራ፣ ያየችው ያንኑ በጋቢው ውስጥ የሚያፍረውን የቅኔ ተማሪ ነው።

«ግቡ፣ ግቡ፣ በሩን አትዝጉ» አለች ሃያት። «እኔ ዕቃ እደረድራለሁ። ጀርባዬን ሰጥቻችኋለሁ፤ ጆሮዬን ግን ማንም እንዳይጠይቀኝ።»

እህተ ማርያም ከዓይኑ ሸሸች፤ ተመለሰች፤ እዚያው አገኘችው።

«ለአንች መጻፍ አልደፈርሁም» አለ። «በአባትሽ ቤት በር ሳይፈቀድልኝ በመስኮት መግባት መሰለኝ። ግን የምትሰሚው ጆሮ አንች እንደሆንሽ… አሥራ ሁለቱንም ስዘፍን ሌላ ሰው አላሰብሁም።»

«አሥራ አንዱን ከስልኬ ሰምቼ አውቄልሃለሁ» አለች። «ስድስተኛዋን ግን አባባ ናቸው ያነበቡልኝ። እኔ… እኔ አጥብቄ ነበር የሰማሁህ ባምላኩ። ከአገሩ ሁሉ ጋር አጥብቄ ሰማሁህ። ይቅር በለኝ።»

«ያጠበቅሁት እኔው ነኝ።»

የታጠፈውን ወረቀት ሰጠችው። ገለጠው። አንዲቱን መስመር አነበበ፤ ደግሞ አነበበ። ከንፈሩ ሳይናገር ተንቀሳቀሰ።

«እጁ የአንች ነው። ቃሉ የየኔታ ነው» አለ። «ነጥብ የለውም። ላልቶ ይነበብ ወይስ ጠብቆ?»

«ካላላኸው ተናገረች ማለት ነው። ምን እንደ ተናገረች ግን አልተጻፈም።»

«ከጠበቀስ?»

ቀና ብላ አየችው። ከመደርደሪያው በኩል ይንኳኳ የነበረው የዕቃ ድምፅ በዚያች ቅጽበት ጸጥ አለ።

ባምላኩ ከጋቢው ሥር ብዕር አውጥቶ ዘረጋላት። ሦስት ዓመት እንዳልነበረ ሁሉ፣ በዚያው እጅ፣ በዚያው ቃል፤

«ነጥቡን አንች አኑሪው» አለ። ቀጥሎም ድምፁ ሊጠፋ ሲል፣ «ወይስ… ገና ነው?»

ብዕሩን ተቀበለች። በሃያት የመስታወት ሣጥን ላይ ወረቀቱን ዘርግታ፣ በ‹ለ› ራስ ላይ አንዲት ነጥብ አኖረች። ነጥቧ ከትንኝ ዓይን አትበልጥም ነበር፤ ሦስት ዓመት ግን ተሸክማለች።

«አጥብቀህ አንብበው» አለችው።

ማሲንቆ አልነበረም፤ ጭብጨባም አልነበረም። ምሥጢሩ ሳይፈጸም እንዳይተነፍስ ትንፋሹን ሰበሰበ። በቁም ድምፁ፣ ቃሉን እንደሚይዝ ሰው ይዞ፣ ዓይኗን እያየ፣

«እህተ ማርያም አለች» አለ።